የተለካ መነጽር፦ የሐኪም ሌንስ ከጎንደር እስከ መካነ ብርሃን

በሐኪም ትዕዛዝ የሚሠራ መነጽር ከገበያው ዝግጁ መነጽር የሚለየው በልኬቱ ነው። ዝግጁው ለሁለቱም ዓይን እኩል ቁጥር ያለው ሌንስ ተገጥሞለት ከፋብሪካ ይወጣል፤ ገዢው አንዱን እያነሳ ሌላውን እየመለሰ የሚስማማውን ይመርጣል። የታዘዘው መነጽር ግን ቀኝና ግራ ዓይን ለየብቻ ተለክተው፣ የሌንሱ ኃይል፣ አስቲግማቲዝም (የዓይን ጉብታ በየአቅጣጫው እኩል አለመሆን) ካለ ማረሚያውና የማረሚያው አቅጣጫ፣ እንዲሁም በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በወረቀት ሰፍሮ የሚሠራ ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በዳባትና በደባርቅ፣ ከተራራው ማዶም በጃናሞራዋ መካነ ብርሃን፣ የዚህ ዓይነቱ መነጽር ታሪክ አጭር ነው። ሌንስ በዚህ አገር ካለፈ 250 ዓመት ሆኖታል፤ ዓይን የሚለካ ባለሙያ የደረሰው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ ሰዎች ያለ መነጽር፣ ወይም ባልተለካ መነጽር፣ እንዴት እንደኖሩ ያሳያል።

የሰው ዓይን ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ የማየት አቅሙ ይደክማል። በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ቅርጹን መለዋወጥ ይሳነዋል፤ ይህ ከማንም የማይቀር ነው። በጎንደርና በስሜን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓለም ይህ ድካም የሚመጣው ሊቁ ብዙ ባወቀበትና ብዙ በሚፈለግበት ዕድሜ ላይ ነበር። አገልግሎቱ በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ብርሃኑም ጧፍ ነው። ብርሃን ሲያንስ ብሌን ይሰፋል፤ ብሌን ሲሰፋ ደግሞ ብዥታው ይጨምራል። ቀን በፀሐይ ደጅ ተቀምጦ መጽሐፉን የሚያነብ ሽማግሌ ያንኑ ገጽ ሌሊት ማንበብ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር ሥርዓቱ ራሱ መውጫ ነበረው። ዜማውም፣ ቅኔውም፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜም በቃል የሚያዙ ናቸው፤ ዓይናቸው የጠፋ መምህራን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ የነበረውና ዛሬም የሚያስተምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ንባብ የልጆች ሥራ ነበር፦ ተማሪው ጽሑፉን ያነባል፣ መምህሩ እየሰማ ያርማል፣ ይተረጉማል። ጽሕፈቱም ቢሆን ለዓይን የራራ ነበር። በጎንደር ዘመን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ትዕዛዝ የተጻፉት መጻሕፍት የተዘጋጁበት «ጉልህ» የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ፊደሉ ትልቅና ሰፊ ነው። የተመረጠው ለክብር ነው እንጂ ለደከመ ዓይን ታስቦ አይደለም፤ ሆኖም በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የጉልህ መጽሐፍ ባለ ረቂቅ ጽሕፈት ከሆነ የኪስ ዳዊት አንጻር ሲታይ፣ ሽማግሌው ያለ መነጽር የትኛውን ይመርጥ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ችግሩ የፊደል ብቻ አልነበረም። ምስር የምትለቅም፣ የበግ ጠጉር ለባና የምትፈትል፣ መርፌ የምታሰካ ሴት ቅርብ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋታል። ሸማኔም የተበጠሰ ድር መቀጠል አለበት። በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ልማዱ አንድ ነው፦ ዓይን የሚፈልገው ክፍል ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ እጅና ልምድ የሚፈልገው በአዋቂው እጅ ይቀራል። መርፌ ለማሰካት የሚጠራ ልጅ የሌለበት ቤት አልነበረም። ስለ መነጽር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ መነጽር የማንበቢያ ዕቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያልተማረው ሰው መነጽር አያስፈልገውም የሚል ሌላ ስሕተት የወለደውም ከዚሁ ነው።

ለዓይን ሕመም የነበረው መድኃኒት ፀበል፣ ኩልና ልዩ ልዩ የዕፅ ጭማቂ ነበር። ሌንስ ከሚያርማቸው ችግሮች ይልቅ ሰውን ያስጨነቁት ሌሎች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ትራኮማ ነው። ደጋግሞ የሚይዝ ትራኮማ የዓይን ቆብን ጠባሳ አድርጎ ወደ ውስጥ ያጣጥፋል፤ የተቀለበሰው ፀጉር ኮርኒያን (ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ሽፋን) እየቧጨረ ያጨልመዋል። በየቤቱ የሚገኘው ወረንጦ እሾህ ከመንቀያነቱ ሌላ እንዲህ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር መንቀያም ነበር። ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱንም መነጽር አያድናቸውም፤ ስለዚህ ወደፊት መነጽር አዛዥ የሚሆነው ባለሙያ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሌንስ የሚረዳውን ዓይን ከማይረዳው መለየት ነበር።

መነጽር የተሠራው በሰሜን ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1286 አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች መሃላቸው የወፈረ፣ ቅርብ ማየት ለተሳናቸው አዛውንት የሚሆኑ ነበሩ። ለቅርብ እንጂ ለሩቅ ማየት ለማይችሉ የሚሆነው መሃሉ የሳሳ ሌንስ የመጣው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አውሮፓውያንም ለ500 ዓመት ያህል መነጽር የገዙት ሳይለኩ መሆኑ ነው፤ አዟሪ ነጋዴ ቅርጫቱን ይዘረጋል፣ ገዢው እየሞከረ ይመርጣል። ልኬት የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1825 ለራሱ ዓይን የአስቲግማቲዝም ሌንስ አሠራ፤ ሆላንዳዊው ኸርማን ስኔለን በ1862 ዛሬም በየክሊኒኩ ግድግዳ የሚታየውን የፊደል ሰሌዳ አወጣ፤ የአገሩ ሰው ዶንደርስ በ1864 የዓይን ልኬትን ሳይንስ በአንድ መጽሐፍ አደራጀ፤ ፈረንሳዊው ሞኖዬ በ1872 «ዳያፕተር» የሚባለውን መለኪያ አቀረበ። ዳያፕተር ቀላል ስሌት ነው፤ 2 ዳያፕተር ያለው ሌንስ ብርሃንን በግማሽ ሜትር ላይ ይሰበስባል። የሩቅ ማያ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2 የሆነ ተማሪ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ደብተሩን ያያል፣ ጥቁር ሰሌዳው ግን ይደበዝዝበታል።

ሌንስ በስሜን መንገድ ላይ መታየቱ ከዚህ ሁሉ የዓይን ልኬት ይቀድማል፤ የመጣው ግን ለዓይን አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋና በአክሱም አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ሲገባ ባለ ሌንስ የኮከብ መለኪያና ቴሌስኮፖች ይዞ ነበር። በእነሱም ጎንደር በምድር ላይ ያለችበትን ስፍራ ከሰማይ ለካ። ከእሱ 70 ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ባለ ሌንስ የማዕዘን መለኪያ ይዞ በሰሜን ኢትዮጵያ ለዓመታት ሲዞር የስሜንን ጫፎች ከሩቅ እያነጻጸረ መዘገበ። የልኬቱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1873 ተጠናቅቆ ታትሞ ወጣ፤ ያን ጊዜ ዳያፕተር ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበረው። የስሜን ተራራ በሌንስ ተለክቶ ካለቀ በኋላ የስሜን ሰው ዓይን ለመለካት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ጠበቀ። ዳባዲ በዞረበት በዚያው ዘመን የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ይህች ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው መካነ ብርሃን ባለችበት ወረዳ ውስጥ ነው። የአገሩ ሰው የመጻሕፍትና የንባብ እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

መነጽር እንደ ሸቀጥ የመጣው ከመንገዱ ጋር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የሊማሊሞ ገደል ተቆርጦ የመኪና መንገድ ወጣበት፤ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ዳባትና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደባርቅ የዚያ መንገድ ከተሞች ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት መነጽር የሚያደርገው ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ መምህር ወይም ቄስ ነበር፤ ያም ቢሆን ከሱቅ ተሞክሮ የተገዛ ወይም ከአዲስ አበባ በሰው የመጣ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጉዳዩን ሌላ መልክ ሰጠው። አርሶ አደሩ ከሥራ በኋላ በፋኖስ ዙሪያ ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር፣ ዕድሜው ከ45 ያለፈው ተማሪ «አልገባኝም» የሚለው ብዙ ጊዜ «አልታየኝም» ማለት እንደነበር የዓይንን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። 1.50 ወይም 2.00 ቁጥር ያለው ዝግጁ መነጽር የዚያን ሰው ችግር በአንድ ቀን ይፈታው ነበር። የንባብ መነጽር ቁጥር ከዕድሜ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ በ45 ዓመት 1.00፣ በ60 ደግሞ 2.50 አካባቢ ስለሚሆን፣ ሌላ የዓይን ችግር ለሌለበት ሰው ግምቱ ብዙም አይስትም። ዝግጁ መነጽር ሲናቅ መሰማቱ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለሽማግሌው ንባብ በቂ ነው፤ የማይበቃው ለተማሪው፣ ሁለት ዓይኑ ለተለያየበትና አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ነው።

የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቋመ። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ያፈጠነው ተቋም ሲሆን የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። በዓይን በኩል ያኔ የሚደረገው ቅባት መስጠት፣ የፊት ንጽሕና ማስተማርና የከፋውን ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። በዚያ ዘመን በሆስፒታል ታዞ ወደ ገጠር የሚገባው መነጽር ከሞራ ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነበር። ሞራ ያጨለመው የተፈጥሮ ሌንስ ሲወጣ በምትኩ የሚገባ ነገር ስላልነበረ ታካሚው 10 ዳያፕተር ገደማ ያለው በጣም ወፍራም መነጽር ይሰጠዋል። ነገሮችን ከመጠናቸው አግዝፎ ያሳያል፣ ዳር ዳሩን ያጣምማል፤ በገደል መንገድ ለሚሄድ ሰው የእግር አረማመድ እንደገና መማር ነው። ከሁሉ የባሰው ሲሰበር ነበር፦ ዓይኑ የዳነለት ሰው ሌላ መነጽር እስኪያገኝ ድረስ ተመልሶ በመሪ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 የጀመረው፣ በዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ በአገራችን የተለመደ ሲሆን ይህ ወፍራም መነጽር ጠፋ። ብዙም አልተናፈቀም።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ነገሩን በአኃዝ አስቀመጠው። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹ የሞራ ሲሆን ትራኮማ 11.5 በመቶውን፣ በመነጽር ሊታረም የሚችል የዕይታ ችግር 7.8 በመቶውን ይዟል። የማየት አቅማቸው ከቀነሰው መካከል ግን መነጽር የሚፈታው ችግር 33.4 በመቶ ደርሷል። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት በ62.6 በመቶው ላይ ንቁ ትራኮማ ተገኝቷል፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር። ትኩረቱና ገንዘቡ ወደ ትራኮማ መሄዱ ስለዚህ አያስገርምም። ቢሆንም ከሦስት አንዱ የመነጽር ጉዳይ መሆኑ ለኪ እንደሚያስፈልግ አሳየ።

ለኪውን ማስተማር የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦፕቶሜትሪ የዲግሪ ትምህርት ከፈተ፤ ቆይቶ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። ከዚያ በፊት መነጽር የሚያዝዙት ጥቂት የዓይን ሐኪሞችና የዓይን ነርሶች ነበሩ፤ ቀዶ ሕክምናው ጊዜያቸውን ስለሚወስደው ለልኬት የሚተርፋቸው አልነበረም። ኦፕቶሜትሪስቱ ዋና ሥራው ልኬት ነው። በመጀመሪያ በሬቲኖስኮፕ ወደ ዓይን ብርሃን እየላከ ከውስጥ የሚመለሰው ነጸብራቅ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ ይህ ዘዴ ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ታካሚው አንድም ቃል ሳይናገር ቁጥሩ ይገኛል። ለሕፃን፣ ለማይሰማና ፊደል ለማያውቅ ሰው ሌላ መተኪያ የለውም። ቀጥሎ የሙከራ ሌንሶቹን ሳጥን ከፍቶ በሙከራው ፍሬም ላይ እያፈራረቀ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» እያለ ያጣራል። ፊደል ላልቆጠረው ሰው ሦስት ጣት የመሰለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጁ ማሳየት ይበቃዋል።

በጎንደር ከተማ ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተማሪዎቹ በ9.4 በመቶው ላይ የዕይታ ችግር አግኝቷል። ትራኮማን ያህል የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን 60 ልጆች ባሉበት ክፍል አምስትና ስድስት ልጅ ማለት ነው። በስሜን ግርጌ እነዚህን ልጆች መነጽር እንዳያደርጉ የሚያግዳቸው ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ሌላ «መነጽር ዓይን ያለምዳል፣ ያደክማል» የሚለው እምነት ነው። እምነቱ የመጣው ከእውነተኛ ትዝብት ነው፦ የልጅ የሩቅ ዕይታ ችግር ከቁመቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ መነጽር ያደረገው ልጅ ቁጥሩ በየዓመቱ ሲጨምር ጥፋቱ በመነጽሩ ላይ ይወድቃል። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ የትዳር ስጋት ይታከልበታል።

ልኬቱ ከተገኘ በኋላ ያለው የግዢ ሥራ ነው። መነጽር ቤቱ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣ በየቁጥሩ የተደረደረ ሌንስና ሌንሱን በፍሬሙ ቅርጽ የሚቆርጥ ማሽን። ለሁለቱም ዓይን ተራ ቁጥር የታዘዘለት ሰው በዚያው ቀን ሊረከብ ይችላል፤ ከባድ አስቲግማቲዝም ወይም ሩቅና ቅርብን ያለ መስመር የሚያሳይ ሌንስ የታዘዘለት ግን አዲስ አበባ እስኪሠራ መጠበቅ አለበት። መስታወት በቀላሉ አይጫርም፤ ግን ይከብዳል፣ ሲወድቅም ይሰበራል፤ ፕላስቲኩ ሌንስ ገበያውን የወሰደው በቅለቱ ነው። ለልጅ ከሁሉ የሚመረጠው ፖሊካርቦኔት የሚባለው በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ ነው። ፍሬሙን ሰው በመልኩ ይመርጠዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ላለ ሰው ግን ትንሽና ጠባብ ፍሬም ይሻላል፤ በሰፊ ፍሬም ሌንሱ ወፍሮና ከብዶ አፍንጫን ይጫናል። የሌንሱ መሃል ከብሌን መሃል ጋር ካልተገናኘ ደግሞ ራስ ምታት ይመጣል፤ ጥፋቱም በሐኪሙ ይመካኛል።

ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐይ ጉዳይም ይታሰባል። አልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ በዓይን ላይ ለሚበቅለው ሥጋና ለሞራ አንዱ ምክንያት ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ቱሪስት ይዟቸው የመጣ ጥቁር መነጽሮች ከአስጎብኚዎችና ከፓርኩ ጥበቃ ስካውቶች ፊት አልጠፉም፤ ሆኖም መጥቆር ብቻውን ጨረር አያግድም፣ እንዲያውም ብሌኑን ያሰፋዋል። በፀሐይ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክ ሌንስ ለዚህ አገር አንድ ጠባይ አለው፦ ብርድ ባለበት ይበልጥ ይጠቁራል። በስሜን ጠዋት ከሚያስፈልገው በላይ ጠቁሮ ቤት ሲገባ ቶሎ አይነጣም።

እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ግን መንገዱ ዳር ላለ ሰው ነው። ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ በቧሂት ተራራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል፤ ለብዙ ዓመታትም በፓርኩ ውስጥ ማለፉ ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እንዲቆይ ካደረጉት ጉዳዮች አንዱ ነበር። የታዘዘ መነጽር ቢያንስ ሁለት ጉዞ ይፈልጋል፤ አንድ ለልኬት፣ አንድ ለመረከብ። ሁለተኛውን ጉዞ የማይችል ሰው በደባርቅ ገበያ ዝግጁ መነጽር ይገዛል፤ ወይም ከውጭ በበጎ አድራጎት የመጣ ያገለገለ መነጽር ይወስዳል። ያገለገለው የሌላ ሰው ልኬት ስለሆነ የሚስማማው ለጥቂቱ ነው፤ ዓለም አቀፍ የዓይን ጤና ድርጅቶችም ይህን ልማድ አይደግፉትም።

በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፈተባት። ከመጻሕፍትና ከኮምፒውተር ጋር የሚውለው ሰው በዛ፤ የመነጽር ፈላጊውም ዕድሜ ወደ ታች ወረደ። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ጎንደር መነጽር ቤት ሊላክ፣ ያለቀው መነጽርም በሚኒባስ ሊመጣ ይችላል። በስልክ የማይላከው በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ የብሌኖች ርቀትና የፍሬሙ አቀማመጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ርቀቱ ሳይጻፍ ከተረሳ መነጽር ቤቱ በግምት ይቆርጠዋል፤ ለዝቅተኛ ቁጥር ግምቱ አይጎዳም፣ ቁጥሩ ከ4 በላይ ለሆነ ሰው ግን ልኬቱን ለመውሰድ እንደገና ወደ ለኪው መምጣት ያስፈልጋል።